መሀሉ ዳንግላ፣ ዳሩ እንጅባራ

እንጅባራ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሰርግ ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ የመጣልኝን ሁሉ እሰፋለሁ። ሱቄ በር ላይ በቀይ ቀለም አድምቄ የጻፍሁት ማስታወቂያ አለ፤ «ባለቤቱ ሳይመጣ ልኬት አንቀበልም» ይላል። ደንበኞች ስልክ እየደወሉ «ወገቧ አንቺን ነው የሚያህል፣ ቁመቷ ግን ከአንቺ ዘለግ ትላለች» እያሉ ቢያስቸግሩኝ ነው የለጠፍሁት። እንዲህ ባለ ልኬት ሰፍቼ ትከሻው ሲጠብ፣ ወገቡ ሲሰፋ፣ ጥፋቱ የማን ይሆናል? የልብስ ሰፊዋ! ስለዚህ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም ነበር። አሁን የምተርከውን ከደንበኞቼ አንዷ ሰምታ ማስታወቂያውን ገንጥላው ብትሄድ ግን አልቀየማትም።

ነገሩ የመጣው ከእናታችን ብርድ ነው። እናታችን ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ካለው የገጠር ቤቷ ከወጣች ወዲህ ክረምቱን ዳንግላ ታላቅ እህቴ ዘንድ፣ በጋውን እንጅባራ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች። ምክንያቷ ግልጽ ነው። የእንጅባራ ክረምት ጭጋጉ እንደ እንግዳ ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ የታጠበ ልብስ ውሎ አድሮም አይደርቅ። ዳንግላ ይሻላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም ሰኔ ገብቶ ጓዟን ሸክፋ ሚኒባስ ስትሳፈር ሆዴ ይሻክራል። «ብርዱ ሰበብ ነው እንጂ እትዬን ከእኔ ስለምታስበልጥ ነው» እላለሁ። እትዬ የምላት እህቴን ነው። ልጅ የዳርሁ ሴት እንዲህ ብላ ማሰቧ ያሳፍራል፤ ሰኔ ሲመጣ ግን ሐሳቡ ከዝናቡ ጋር አብሮ ይመጣል።

እትዬ ዳንግላ መናኸሪያው አካባቢ ቁርስ ቤት አላት። ጠዋት ጠዋት ፉልና እንቁላል ስታቀርብ ትቆይና ከቀትር በኋላ ቤቱ ጭር ሲል የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ስፌት ማንም አላስተማራትም፤ ከእኔ እያየች፣ ከስልኳ እያየች ነው የለመደችው። እኔ ፊት «ያው መሞካከር ነው» ትላለች። እኔም ፊቷ ላይ «ኧረ ጎበዝ ነሽ» እላታለሁ፤ ሁለታችንም ምን ማለታችን እንደሆነ እንተዋወቃለን።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ደወለችልኝ።

«አንድ ነገር አይቻለሁ» አለች። «ቁርጥራጭ ጨርቅ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየቆረጡ፣ እርስ በርስ እየገጣጠሙ፣ ውስጡ ብርድ ልብስ እየከተቱ የሚሰፋ አልጋ ልብስ። ለእማዬ ልሠራላት ነው። አንቺ ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም፤ ላኪልኝ።»

ቁርጥራጭማ ሞልቶኝ። በከረጢት ጠቅጥቄ በሚኒባስ ላክሁላት። ከረጢቱ እንደሄደ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጨርቁ የእኔ፣ ሙያው የእኔ፤ ምስጋናው የእሷ! እናታችን በዚያ አልጋ ልብስ ተሸፋፍና «የዳንግላዋ ልጄ የሠራችልኝ» ስትል ታየኝ። ስልኬን አነሳሁና፣

«እትዬ፣ ዙሪያውንስ ምን ልታደርጊው ነው?» አልኋት።

«ዙሪያውን?»

«እንዲህ ያለ ነገር ዙሪያውን ከፈፍ ያስፈልገዋል እኮ። ነጠላ ያለ ጥለት ምን ያምራል? እኔ እሠራዋለሁ። ሰማያዊና ብጫ እያፈራረቅሁ፣ ትንንሽ አራት ማዕዘን ገጣጥሜ። አንቺ መሀሉን ጨርሺ፣ ዳሩን ለእኔ ተይው።»

«እሺ፤ ይሁን» አለች። እናታችን ከጎኗ ሆና ስትሰማ ኖሮ ድምጿ በስልኩ መጣ፦

«ሁለት ሴት ልጅ አሳድጌ በስተርጅና ድሪቶ ልልበስ?»

«ድሪቶ አይደለም እማዬ» አልሁ።

«ጨርቅ በጨርቅ ላይ ከተሰፋ ድሪቶ ነው። ድሪቶን እኔን ታስተምሩኝ?»

እውነቷን ነው። እሷ ልጅ ሳለች የተጣጣፈ ልብስ የሚለበሰው ሌላ ስለሌለ ነበር፤ አሁን ደኅናውን ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ መጣፍ እንደ ጥጋብ ነው የታያት። አልተከራከርናትም።

እትዬ መሀሉን ጨርሳ ስትደውል እኔ የሰው ቀሚስ መኪና ላይ አድርጌ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ። ዳንግላ ሩቅ አገር አይደለም። ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልሁ ሄጄ፣ ለክቼ፣ ከሰዓት ሱቄ መመለስ እችል ነበር። ምን አደረግሁ? እግሬን ከመኪናው ፔዳል ሳላነሳ «በይ ልኬቱን ንገሪኝ» አልሁ።

«ወርዱ መቶ ስድሳ ሁለት። ቁመቱ ሁለት መቶ ሁለት።»

«ሁለት መቶ ስንት?»

«ሁለት። ሁለት መቶ ሁለት!»

«በሁሉም በኩል እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

በኋላ እንደተረዳሁት በሁሉም በኩል አልለካችም። አንዱን ጠርዝ ለክታ «ሌላውም ያው ነው» ብላ ትታዋለች። ጠርዙም ቢሆን የታመነ አልነበረም። ጨርቆቹን አንዳንዴ ቀጥ አድርጋ፣ አንዳንዴ አጋድማ ነው የቆረጠቻቸው። አጋድሞ የተቆረጠ ጨርቅ ሲጎትቱት ይለጠጣል፤ ካውያ ሲያርፍበት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ መሀሉ በልኩ ሆኖ ጠርዙ ረዝሟል። እሷ የለካችው ያንን የረዘመውን ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ወደ ዳንግላ እንዳልጭን ግን የራሴን ልናገር። ልብስ ሰፊ የለመደው አመል አለው። የሰው ገላ ይተነፍሳል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፤ ስለዚህ ከተለካው ላይ ሁልጊዜ ለመተንፈሻ ትንሽ እንጨምራለን። የእኔ ካሬዎች ከተሰፉ በኋላ አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር ናቸው። አራቱም ማዕዘን ላይ ሰማያዊ እንዲውልልኝ ደግሞ በመካከል ያለው ቁጥር ጎደሎ መሆን አለበት። እንግዲህ በወርዱ አሥራ ሰባት ካሬ፣ በቁመቱ ሃያ አንድ። ይህም መቶ ሰባና ሁለት መቶ አሥር ይመጣል። እህቴ ከነገረችኝ ስምንት ስምንት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። እኔም በሙሉ ልብ «ለመተንፈሻ ይሆነዋል» አልሁ። አልጋ ልብስ አይተነፍስም፤ አይበላም፤ አይቀመጥም። ይህን ለማወቅ ሙያ አያስፈልግም ነበር።

ከፈፉን ሰፍቼ ስጨርስ፣ መዋሸት ምን ያደርግልኛል፣ አምሮ ታየኝ። ሰማያዊው ከአንድ ትምህርት ቤት የወንዶች ሱሪ የተረፈ፣ ብጫው ከሌላ ትምህርት ቤት ሸሚዝ። ሱቅ ለመጣው ሁሉ እያነሳሁ አሳየሁ። የገበያ ቀን ጠብቄ በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ዳንግላ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አቅፌው፣ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ «እንዳይታጠፍብኝ ነው፤ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» እያልሁ አስጨነቅኋቸው።

እትዬ የእናታችንን አልጋ ልቅም አድርጋ አንጥፋ ጠበቀችኝ። መሀሉን ስትዘረጋው፣ እውነት ለመናገር፣ ክፉኛ ያምር ነበር። ቀዩን ከቡናማው፣ ባለ አበባውን አበባ ከሌለው ሜዳ ጨርቅ አስማምታዋለች። «ጥሩ ነው» አልሁ በቁጥብ። ከዚያ ከፈፌን አውጥቼ ዘረጋሁ። እሷም «ጥሩ ነው» አለች፤ በዚያው ቁጥብ ድምፅ። እናታችን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሁለታችንንም ታየናለች።

በአንዱ ማዕዘን ጀምረን በስፒል እየያዝን ሄድን። መሀሉ አለቀ፤ ከፈፉ ግን አላለቀም። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጨርቅ ከጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ረዝሟል» አለች እትዬ።

«አልረዘመም» አልሁ።

«ይኸው ተንጠልጥሎ!»

«እሱን እኔ አስገባዋለሁ። የእጅጌ ትከሻ ስንሰፋ ሰፊውን ወደ ጠባቡ እናስገባ የለም እንዴ? ዘዴ አለው።»

ዘዴስ አለው፤ ለእጅጌ። የእህቴ መኪና ላይ ተቀምጬ ትርፉን በየቦታው እያጨማደድሁ፣ እየገፋሁ፣ «ይኸው ገባ፤ ይኸው ገባ» እያልሁ ዙሪያውን ሰፋሁት። ተነሥተን አልጋው ላይ ስንዘረጋው ዳሩ በሙሉ እንደ ሕፃን የልደት ቀሚስ ተሽሞንሙኖ ወደ ላይ ቆመ። በእጄ ዳበስሁት፤ አልተኛም። ትራስ ጫንሁበት፤ ትራሱን ሳነሳው እሱም ተነሣ።

እናታችን እስክታነባ ሳቀች። በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች «ይኸ ለአልጋ ነው ወይስ ለሙሽራ?» አለች። ከዚያም በአገውኛ የሆነ ነገር ጨመረች። ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ጫጩት ስትሰበስብ እንዲህ ትመስላለች እንደ ማለት ነው። እትዬ ከንፈሯን ነክሳ መስኮቱን ታያለች። ልትስቅ ፈልጋ ታላቅነቷ ከልክሏት ነው።

እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

«አንቺ ያልሽኝን ነው የሰፋሁት» አልኋት።

«እኔ ያልሁሽን? መቶ ስድሳ ሁለት ነው ያልሁሽ። ይኸ መቶ ስድሳ ሁለት ነው?»

«መሀልሽስ መቶ ስድሳ ሁለት ነው?»

ሜትሬን አውጥቼ በመሀል ለመሀል አጋድሜ ለካሁት። መቶ ሃምሳ ስድስት። በቁመቱ መቶ ዘጠና አምስት። ሜትሩን አሳየኋት። እሷም ሜትሩን ከእጄ ወስዳ ጠርዙን ለካች፤ መቶ ስድሳ ሁለት። እሷም አሳየችኝ። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። እንዲህ ያለ ጠብ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ታላቄ ስለሆነች የመጨረሻውን ቃል ለእሷ መተው ነበረብኝ፤ እኔ ግን ባለሙያ ስለሆንሁ ለእኔ ይገባል አልሁ።

ተርትረን ለያየነው። እሷ ከዚያ በኩል፣ እኔ ከዚህ በኩል፣ ሳንነጋገር። ሲለያይ «መሀሉንም ይዤ ልሂድ፤ ሱቄ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለኝ» አልሁ። እትዬ መሀሉን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ማህ! እሱማ ከዚህ አይወጣም።»

«ታዲያ በምን ልለካው ነው? በስልክ?»

ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የራሴ ማስታወቂያ ትዝ ቢለኝ ጆሮዬ ጋለ። እናታችን ናት የፈረደች። «ውሰጂው» አለችኝ፤ ወደ እትዬ ዞራም «አንቺም ተይላት። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል ይባላል፤ እናንተ ሁለቱንም ፈታችሁ።»

እንጅባራ ተመለስሁ። ሰው የሚማረው ከስህተቱ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ከስህተቴ ተምሬ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ከፈፉ ከረዘመ ይጠር! አንድ ካሬ ከጫፍ ቆርጬ ጣልሁ። አሁንም ይረዝማል። ሌላ ብቆርጥ ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ አንዱን ጣልሁና የሚቀጥለውን ከጎኑ ሸርፌ እንደ ድንች ቅርፊት አቀጠንሁት። ልኩ መጣ። ነገር ግን አንድ ካሬ ሲወጣ ተራው ሁሉ ይዛባል፤ በአንዱ ማዕዘን ሰማያዊ፣ በሌላው ብጫ፣ በአንዱ ደግሞ ሁለት ሰማያዊ ሊጣበቁ ደርሰው መሀላቸው ያች የቀጠነች። ይህንንም «ማን ያየዋል» ብዬ ፎቶ አንሥቼ ለእህቴ ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። «ጥጉ ላይ ምን ሆኖ ነው? ጥርስ የወለቀበት መሰለ እኮ።»

«ብርሃኑ ነው። ፎቶው ላይ እንዲያ ይመስላል።»

«አንቺ?»

«እ?»

«እንዲያ ብለሽ ለደንበኞችሽም ትሰፊያለሽ?»

ስልኩን ዘጋሁባት። ታላቅ እህት ላይ ስልክ ይዘጋል? አይዘጋም። እኔ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ መሀሉንም ዳሩንም ጠቅልዬ ከመደርደሪያው ላይ ወረወርሁት። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ዳንግላ ያለችው እናቴ ትዝ ትለኛለች፤ ያንን ጥቅል ቀና ብዬ አያለሁ፤ መልሼ ወደ መኪናዬ አቀረቅራለሁ።

ከዚህ ያወጣኝ የራሴ የዘወትር ሥራ ነው። ከአዘና የመጡ አንዲት ጠና ያሉ ደንበኛ ነበሩ። ለልጃቸው ምርቃት ሊለብሱት ያሰቡትን ቀሚስ ይዘው መጡ። ቀድሞ የሰፋሁላቸው እኔው ነኝ። አሁን ጎኑ አልገጥም ብሏል።

«ታጥቦ ገብቶ ነው» አልኋቸው። ልብስ ሰፊ «ወፍረዋል» አይልም፤ ልብሱ ነው ሁልጊዜ የሚገባው።

«ተይ እባክሽ፤ ቅቤው ነው» አሉና ሳቁ። «ምን ይሻላል? ከሌላ ቦታ ቀንሰሽ ታሰፊዋለሽ?»

«አልቀንስም። የእርስዎን ገላ ማሳነስ አይቻል፤ ቀሚሱን ግራና ቀኝ ከፍቼ ከዚሁ ጨርቅ ቀጭን ቅጣይ አስገባበታለሁ። ማንም አያውቀውም።»

ይህን እየተናገርሁ ቅጣዩን በጎንና በጎን በስፒል እያያዝሁ ነው። እጄ ቆመ። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። የሁዳዴ ጾም በተፈታ ቁጥር፣ ሰርግ በበዛ ቁጥር ስሠራው የኖርሁት ሥራ ነው! ጠባቡ መሀሉ ነው፤ ሰፊው ዳሩ ነው። ለምን ዳሩን እሸርፋለሁ? መሀሉን ላወፍረው እንጂ። በእህቴ መሀልና በእኔ ከፈፍ መካከል ዙሪያውን ሜዳ ጨርቅ ገብቶ ልዩነቱን ቢሞላስ?

«ምነው? ወጋሽ እንዴ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ኧረ ደኅና ነኝ» አልሁ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነው እንጂ።

እሳቸው እንደሄዱ ሱቄን ከውስጥ ዘጋሁ፤ ወለሉን ጠርጌ መሀሉን ዘረጋሁት። አሁን ጠርዙን አልነካሁም። በመሀል፣ ከዚያ ወደ ግራ ሸሸት ብዬ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ያው መቶ ሃምሳ ስድስት። ከፈፉ ደግሞ መቶ ሰባ። ልዩነቱን ለሁለት ጎን ስከፍለው ለእያንዳንዱ ሰባት ሳንቲ ሜትር። በቁመቱ ሲሆን ሰባት ተኩል። ግማሿን ሳንቲ ሜትር ቅናት ያለው ዓይን ካልሆነ ማንም አያያትም። ተንበርክኬ ደጋግሜ ደመርሁት። ከፈፉ መጀመሪያ የሰፋሁት ልክ ነበር ማለት ነው፤ ያ ያጨማደድሁት፣ የሸረፍሁት፣ የተርተርሁት። የቆረጥኋቸውን ካሬዎች ልመልስ ስፈልግ አንዷን የመኪናዬን ዘይት ጠርጌባት አገኘኋት። በምትኳ የቆረጥኋት ሰማያዊ ከጓደኞቿ ትንሽ ጠቆር ትላለች፤ እስከ ዛሬ አንዱ ማዕዘን ላይ ጉልቤ ሆና ተቀምጣለች።

የቀረው የሜዳው ጨርቅ ቀለም ነው። ይህን ብቻዬን እንዳልወስን የዘጋሁትን ስልክ መክፈት ነበረብኝ። እትዬ አነሣች።

«ደግመሽ ልትዘጊብኝ ነው የደወልሽው?»

«ይቅርታ እትዬ። መላ አግኝቻለሁ።» ነገርኋት። እያደመጠች «እ... እ...» አለችና፣

«አየሽ፤ ጥፋቱ የመሀሉ አይደለም ብያለሁ» አለች።

«የዳሩም አይደለም።»

«ይሁን፤ የሁለቱም አይደለም። ነጭ አቡጀዲ አድርጊበት።»

ከኋላዋ እናታችን ጮኸች። «ነጭ? ገና ሳልሞት ልትገንዙኝ ነው?»

«ቀይስ?» አልሁ።

«ቀይ ለዕድሜዬ አይሆንም። አረንጓዴ። እንደ ገብስ ቡቃያ የሚያበራ።»

የሚያበራ አረንጓዴ ከቀይ፣ ከቡናማ፣ ከሰማያዊና ከብጫ መሀል! ግን አልጋው የእሷ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ልብስ ሰፍቼ የተረፈኝ፣ ማንም አልነካም ያለው አረንጓዴ ነበረኝ፤ ዕድሉ ደረሰው። ከመስፋቴ በፊት ቅጣዩን በመሀለኛው ልኬት ቆረጥሁ፤ የቅጣዩን እኩሌታ ከጠርዙ እኩሌታ፣ ጫፉን ከጫፍ፣ ከዚያ የእኩሌታውንም እኩሌታ በስፒል ይዤ የተለጠጠውን ጠርዝ በቀስታ ወደ ልኩ መለስሁት። ከፈፉን ዙሪያውን ስሰፋበት ማዕዘኖቹ አንድ በአንድ ገጠሙ። መሬት ላይ ዘረጋሁትና በባዶ እግሬ ዳሩን ዞርሁት፤ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

ዳንግላ ወስጄው ከሥሩ ገበር፣ ከውስጡ አሮጌ ብርድ ልብስ አደረግን። የእትዬ መኪና ያንን ሁሉ ውፍረት አልወጋም ሲል በእጅ ልንሰፋው ተስማማን። አልጋው ላይ ዘርግተን እሷ ከግድግዳው በኩል፣ እኔ ከበሩ በኩል ተቀመጥን። መጀመሪያ ስለ መርፌው ብቻ ነበር የምናወራው። ቆይቶ እትዬ ሳታየኝ፣

«መቼም አንቺ ጋ ስትሆን ደስ ይላታል» አለች።

«ማን?»

«እማዬ ናታ። እዚህ ሆና ወሬዋ ሁሉ እንጅባራ ነው። የእንጅባራ ድንች፣ የእንጅባራ ውሃ፣ ‹የእንጅባራዋ ልጄ እግሬን ሳታጥብ አታስተኛኝም›። እኔ የማላጥባት ይመስል።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። «እኔ ጋ ሆና የምታወራው ስለ አንቺ ነው እኮ! ‹ዳንግላ ፀሐይ አለ፤ ዳንግላ ሰው ይመጣል፤ ዳንግላ ትኩስ ፉል አለ›።»

ሁለታችንም ወደ በርጩማው ዞርን። እናታችን ጥጥ እየባዘተች ነበር፤ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ አንገቷን ደፍታለች። ከዚያ በአገውኛ ለራሷ አጉረመረመች። ገብቶናል፤ ያረጁ ሕፃናት ማለቷ ነው። እትዬ ያን ቀን ነው የሳቀችው፤ ስትስቅ ደግሞ ማቆም አታውቅም።

ስንጨርስ አልጋውን እንደ ሙሽራ አልጋ አነጠፍነው። ያ አረንጓዴ፣ ያ የጠላነው አረንጓዴ፣ መሀሉንም ዳሩንም አስታርቆ ያምር ነበር። ከፈፉ በሦስቱም ጎን ተንዠርግጎ ወርዷል፤ ማዕዘኖቹ ሰማያዊ ናቸው። እኔ ፎቶ ላነሣ ስልኬን እስካወጣ እናታችን ተነሥታ መጣች። አልጋ ልብሱን በእጇ ዳበሰችው፤ «ይኸ ድሪቶ አይደለም» አለች። ደስ አለን። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫፉን ያዘችና ከፍራሹ ሥር መወተፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?» አልሁ።

«እያስገባሁት።»

የአልጋው ወርድ ሜትር ከሃያ ነው። መሀሉን በስልክ ለክተናል፣ በመሀል ለክተናል፣ በጠርዝ ለክተናል፤ አልጋውን የለካ ሰው አልነበረም። እናታችን በግራ ወተፈች፤ በቀኝ ወተፈች፤ በእግርጌ ዞራ ወተፈች። ሰማያዊው ገባ፣ ብጫው ገባ፣ አራት ማዕዘኔ ሁሉ ገባ፣ ያች ጉልቤዋም ገባች። ከላይ የቀረው የእትዬ መሀል ብቻ ነው፤ በዙሪያው ጥቂት አረንጓዴ ብልጭ ይላል።

«እማዬ፣ ከፈፉ እኮ አይታይም» አልሁ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«መታየቱ ምን ያደርግልኛል? ብርድ የሚገባው በዳር ነው» አለች። ገብታ ተኛችበትና እስከ አገጯ ሳበችው። እግሯን ዘረጋች፤ ጎኗን አዞረች፤ ከፍራሹ ሥር አንድ ጫፍ እንኳ ሳይወጣ ቀረ። «እስከ ዛሬ የነበረኝ ሁሉ አጭር ነበር። ስገላበጥ ጀርባዬ ይከፈት ነበር። ይኸ ከሥሬ ድረስ ይዞኛል። ይህን ዳር የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጎሽ። ረጅም አድርገሽ ሠርተሽዋል።»

እትዬን አየኋት። «ለመተንፈሻ ነው» አልሁ።

መስከረም አልቆ ዝናቡ ሲያቆም እናታችን ወደ እኔ መጣች፤ አልጋ ልብሱን በነጠላ ቋጥራ ተሸክማ። የሚኒባሱ ረዳት ጣራ ላይ ልጫነው ቢላት እንቢ ብላ እስከ እንጅባራ ታቅፋው ነው የመጣችው። አንድ ቀን ገበያ ስትወጣ ጎረቤቴን ጠራሁና ከፍራሹ ሥር ዳሩን ስቤ አውጥቼ አሳየኋት። «ወይ ውበት!» አለች፤ ጠገብሁ። እናታችን ስትመለስ የተዘረገፈውን አየች፤ ዘንቢሏን በር ላይ አስቀምጣ፣ አንዲት ቃል ሳትናገረኝ፣ ዙሪያውን መልሳ ወተፈችው።